አፈሬን መልሱልኝ

ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ያለው ተራራ ከብት እንዳይገባበት ከተከለለ ዓመታት አልፈውታል። እኔ ለሥራ ወደ ሐይቅ ከተማ ስመጣ ሣሩ ወገብ ደርሷል፤ ቁጥቋጦው አገግሟል፤ ከግርጌውም በበጋ የማትደርቅ ምንጭ ብቅ ብላ ነበር። ቀበሌው ይህን ተራራ፣ ከወለጋ ተፈናቅለው መጥተው እዚሁ እንዲኖሩ ለተወሰነላቸው ቤተሰቦች በማኅበር ሰጣቸው። የሚታረስ አይደለም፤ ዳገት ነው። ሣሩን እያጨዱ በግ ሊያደልቡበት፣ ንብ ሊያነቡበት፣ በእርከኑ ላይ ጌሾና አቮካዶ ሊተክሉበት ነው። የኔ ድርሻ እነሱን ማሠልጠንና አብሬያቸው መዋል ነበር።

መሬቱ ሲሰጣቸው አንድ ቃል ታስሮበታል። ከታች ማሳ ያላቸው ገበሬዎች በተራራው አያያዝ ተጎዳን ብለው አቤት ካሉና ነገሩን ሽማግሌ ካልፈታው፣ ተራራው ወደ ቀበሌው ይመለሳል። ይህ ሲነገር ማንም አልተቃወመም። ከመጠለያ ድንኳን የወጣ ሰው በምን አፉ ይከራከራል?

የማኅበሩ ሰብሳቢ ባሏን እዚያው ወለጋ ቀብራ፣ ልጆቿን ይዛ የመጣች ሙስሊም ሴት ናት። አባቷ የአምባሰል ሰው ነበሩ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከብዙ ሰው ጋር በሠፈራ ወደ ወለጋ ሄዱ፤ እሷን እዚያ ወለዱ። አነጋገሯ ቅላጼው ሳይቀር የወሎ ነው፤ ወሎን በዓይኗ ያየችው ግን ተፈናቅላ ስትመጣ ነው።

«እዚያ እያለን ወሎዬዎቹ ይሉን ነበር፤» አለችኝ አንድ ቀን ችግኝ ከመኪና እያወረድን። «እዚህ ስንመጣ ወለጌዎቹ ተባልን። አንቺንስ ምን ይሉሻል?»

«የባሌዋ።» የተወለድኩት ጎባ ነው፤ እናቴም ዘመዶቼም እዚያው ናቸው።

«አብሽሪ እኅቴ፤ አንቺ እንኳ የትም ብትሄጂ አንድ ስም ነው ያለሽ።»

ሣቅን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጠዋት ውዳሴ ማርያም ደግሜ ስጨርስ እሷን ሳላነሣ አልነሣም።

ችግኞቹን የተከልነው ባለሙያዎች ትሬንች በምንለው፣ ዳገቱን አቋርጦ አግድም በሚቆፈር ቦይ ሆድ ውስጥ ነው፤ ውሃ የሚያገኙትም ከዚያው ነው። ሐይቅ አካባቢ ዝናቡ ሲመጣ ተንደርድሮ ይመጣል፤ ሲሄድም እንዲሁ። ስለዚህ ቦዩ ውሃ የሚወጣበት አፍ የለውም። ዳር እስከ ዳር ልኩ አንድ ሆኖ፣ የወረደውን ውሃ ይዞ ቀስ እያለ ወደ መሬት እንዲያሰርግ ነው የሚቆፈረው። በሁለት እንጨት መሐል ገመድ ወጥረን፣ የውሃ ልክ አንጠልጥለንበት፣ ሰዎቹ እየቆፈሩ እኔ እየለካሁ ሠራነው። ደግመን ያስተካከልነው ቦታ ጥቂት ነበር። እጃቸው ሥራ ያውቃል።

ሐምሌ ገባና ዝናቡ በረታ። እኔ በስብሰባ ምክንያት ደሴ ነበርኩ። ቦዮቹ ሞሉ፤ የአቮካዶው ችግኝ እግሩ ውሃ ውስጥ አደረ። ለወለጋ ገበሬ ከዚህ የከፋ ነገር የለም። እዚያ ዝናቡ ወር ሙሉ ሳያባራ ይወርዳል፤ ውሃ የተኛበት ቡና ሥሩ በስብሶ ይሞታል፤ ስለዚህ ሰነፍ ያልሆነ ገበሬ በክረምት ከአልጋው ተነሥቶ መጀመሪያ የሚያደርገው መቆፈሪያውን ይዞ ለውሃው መንገድ መክፈት ነው። እነሱም እንደዚያው አደረጉ። ሴቶቹም ወንዶቹም ወጥተው፣ የላይኛውን ቦይ ወደ ታችኛው፣ የታችኛውንም ከሥሩ ወዳለው እየከፈቱ፣ ተራራውን ከአናቱ እስከ ግርጌው በአንድ መስመር አስተነፈሱት። ችግኞቹን አዳንን ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለ።

ከተራራው ሥር ያለው ማሳ የአንድ ሽማግሌ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ፣ ቁጡ፣ ንግግራቸው አጭር። ተራራው ሳይከለል በፊት ከብቶቻቸው የሚውሉት እዚያ ስለነበር ለማኅበሩ ሰላምታ ከመስጠት ያለፈ ነገር አልነበራቸውም። ያን ቀን ማሽላቸው ጉልበት ደርሷል። ከተራራው በአንድ አፍ የወረደው ጎርፍ በማሽላው መሐል ገብቶ፣ ሰው ቢቆምበት ትከሻው ድረስ የሚውጥ ቦረቦር ቀደደበት። አፈሩን ጠርጎ፣ ከፊሉን ከማሳው በታች ባለው ሜዳ ላይ ደለል አድርጎ ጣለው፤ የቀረውን ይዞት ወደ ሐይቁ ሄደ።

ከደሴ ስመለስ መጀመሪያ ያየሁት ሐይቁን ነው። ከዳር ቀልቷል። ከተራራው የወረደ አፈር መሆኑን ሳልጠይቅ አወቅሁ። እዚያው መንገድ ላይ ቆሜ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ፊቴን አዙሬ ከሩቅ ተሳለምኩ፤ ከዚያ የተራራውን መንገድ ያዝኩ።

ሰብሳቢዋን ሴትዮ ቦረቦሩ አፍ ላይ ቆማ አገኘኋት። ልብሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው።

«እኛ እኮ ያዳንን መስሎን ነው፤» አለችኝ።

ባለማሳው አቤት ብለው ኖሮ፣ አስታራቂ ሽማግሌዎች ተጠሩ፤ የተቀመጡትም እዚያው በተጎዳው ማሳ ዳር፣ ድንጋይ ድንጋይ ላይ ነው። ከሁለቱም ሃይማኖት ነበሩ፤ አንድ ሼህ፣ አንድ ቄስ፣ ሌሎችም የአገሩ ትልልቅ ሰዎች። የቀበሌው ሰው ቆሞ ያዳምጣል። ሼሁ ዱዓ አደረጉ፤ ቄሱ አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ። ከዚያ ማኅበርተኞቹ ተነሥተው፣ ሰብሳቢዋ ከፊት ሆና፣ ጎንበስ ብለው «አፉ በሉን» አሉ፤ በወሎ ይቅርታ የሚጠየቀው እንዲህ ነው።

«አባባ፣ ሳናውቅ ነው። ማሽላው በደረሰ ጊዜ ይሰጥ የነበረውን ያህል እህል፣ ከሣራችንም ከበጋችንም ሽጠን እናስገባልዎታለን፤» አለች ሰብሳቢዋ።

ባለማሳው ሽማግሌ ተነሡ። በትራቸውን ቦረቦሩ ውስጥ ሰደዱት፤ እስከ መያዣው ገባ።

«እህል አልፈልግም። እህል ነገም ይበቅላል። አፈሬን መልሱልኝ!»

«እንዴ፣ አንተ ሰው!» አሉ ሼሁ። «አፈር እንዴት ይመለሳል?»

«እነሱ ያውቁበታል። አውርደውታል፤ ያውጡት። ካልቻሉ ተራራውን ይልቀቁ።»

ቄሱ ሊያባብሉ ሞከሩ፤ አልሆነም። የቀበሌው ሰው የተባለውን ሁሉ ሰምቷል። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ነገሩን ከፍልሰታ ጾም በኋላ፣ ለነሐሴ ሃያ አሳደሩት፤ እስከዚያ የባለማሳው ልብ ይበርድ ይሆናል ብለው መሆኑ ገብቶናል። ካልበረደ ግን ተራራው ይሄዳል። ማኅበርተኞቹም አብረውት ወደ መጠለያው ይመለሳሉ፤ ሌላ የሚሄዱበት የለም።

ቁልቁል ስንመለስ ከማኅበሩ አንድ ጎልማሳ ተናደደ። «ይሄ ጥያቄ ነው? ስድብ ነው እንጂ! ዝም ብሎ ውጡልኝ አይልም?»

ሴትዮዋ ጥቂት ሄደችና ቆመች።

«ልክ ነው የጠየቀው፤» አለች። «እኔንስ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም እንጂ፣ ከዚያ ጥለሽው ከመጣሽው ምን ይመለስልሽ ቢለኝ፣ በቆሎ ስጡኝ እላለሁ? ቡናዬን አምጡልኝ እላለሁ? አፈሬን ነው የምለው።»

ቁልቁሉን ቀድማን ወረደች።

በማግስቱ ሜዳው ላይ ካለው ደለል ማዳበሪያ ከረጢት ሞልታ፣ በጀርባዋ አዝላ፣ ዳገቱን ስትወጣ አየናት። ቦረቦሩ አናት ላይ ደፍታው ተመለሰች። ደግማ ሞላች። መጀመሪያ ልጆቿ አብረዋት ወጡ፤ ከዚያ የጎረቤቶቿ ሴቶች። የተናደደው ጎልማሳ ከሰዓት በኋላ ከቤቱ ቃሬዛ ይዞ መጣ፤ በሽተኛ የሚሸከሙበትን። «ይሄን ያህል ከሆነማ በከረጢት አያልቅም፤» አለ አንገቱን አቀርቅሮ።

እኔ ግን መጀመሪያ አፎቹን ነበር የማስበው። በአንድ በኩል አፈር እየወጣ በሌላ በኩል ውሃ ከወረደ ትርጉም የለውም። ስለዚህ ከፊሎቹ ሲያዝሉ ከፊሎቹ ከኔ ጋር ተራራ ወጡ። የተከፈቱትን አፎች በድንጋይና ከነአፈሩ በተነሣ ሣር ደፈንን፤ እንደገና በገመድና በውሃ ልክ ለካን፤ ችግኞቹንም ከቦዩ ሆድ ነቅለን ከፍ ካለው ከንፈሩ ላይ አዛወርናቸው፤ ውሃውን እንዲጠጡት እንጂ እንዳይዋኙበት። ይህን ስላቸው አንዲት ሴት «አሁን ገና ገባኝ» አለች። «እዚህ አገር ውሃ እንግዳ ነው፣ ይዘው ያሳድሩታል፤ እዚያ ግን ቤተኛ ስለሆነ በር ከፍተን እናስወጣው ነበር።»

ወሬው ወዲያው ተሰማ። ገበያተኛ በአጠገባችን ሲያልፍ ይቆማል።

«ወለጌዎች፣ ወርቅ አገኛችሁ እንዴ?»

«አዎ! ና ተሸከም፣ ድርሻህን እንሰጥሃለን!»

«አፈር ወደ ላይ ሲሄድ አይቼ አላውቅም ወላሂ!»

«እኛም ሰው ሲያላግጥ እንጂ ሲያግዝ አላየን፤ ዕቃህን አስቀምጥና ሞክራት እስቲ!»

ሣቅ አለ፤ ግን ሥራው የሚያስቅ አልነበረም። እርጥብ ደለል ከድንጋይ ይከብዳል። የሴቶቹ ትከሻ ተላጠ። ዝናብም አላቆመም፤ የወጣውን አፈር መልሶ እንዳይወስደው ቦረቦሩ ውስጥ በየደረጃው ድንጋይ እየካብን ከኋላው መሙላት ነበረብን። ወሩ ነሐሴ ነው፤ ፍልሰታ ይዤ ነበር። ትንሽ ስሸከም ሴትዮዋ ከጀርባዬ ትነጥቀኛለች።

«አንቺ ጾመኛ ነሽ፤ ተቀመጪ።»

«ጾም አያሳርፍም።»

«እኛን ያሳርፈናል እኮ! በረመዳን ብትመጪ አፈር ሳይሆን እኛን ነበር የምትሸከሚ።»

ሽማግሌውም ጾመኛ ነበሩ። ከቅዳሴ መልስ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጥተው ከማሳቸው ድንበር ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። አይናገሩም፤ አያግዙም፤ እኛም አናናግራቸውም። ሲሻቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆያሉ፤ ሲገልጡት እዚያው ነን። መጀመሪያ ላይ የሚያፌዙብን መስሎኝ ነበር። በኋላ ፊታቸውን ሳየው ፌዝ አልነበረበትም፤ ምን እንደሆነም ላውቅ አልቻልኩም።

ከዕለታት አንድ ቀን ሴትዮዋ ጠጠር የበዛበትን ደለል አምጥታ ከላይ ልትደፋው ስትል ሽማግሌው ከድንጋዩ ላይ ተነሡ።

«አንቺ ሴትዮ! ጠጠሩን ከላይ? ምን ልዘራበት ነው?»

ደነገጠች። ከረጢቱን እንዳዘለች ቆመች።

«ጠጠሩ ከታች ይግባ! ጥቁሩ ከላይ ነበር፤ እንዲህ፣ እዚህ ጋ ጥልቅ ነበር፣ እዚያ ጋ ስስ። ወይ ጉድ! አፈር ስትመልሱ እንደነበረ አትመልሱም?»

«እሺ አባባ። የት ጋ ነው ጥልቁ?»

በበትራቸው አሳዩ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ያሳዩ ጀመር፤ በቁጣ ነው፤ ግን ያሳያሉ። ጥቁሩ ከወዴት እንደወረደ፣ በሜዳው ላይ የትኛው ደለል የሳቸው፣ የትኛው ከተራራው የመጣ እንደሆነ በቀለሙ ይለያሉ። ሴትዮዋ ዝቅ ብላ አፈር በእፍኟ ይዛ «ይሄስ?» ትላለች፤ «የኔ አይደለም፣ የናንተ ነው፣ ተራራችሁ ላይ መልሱት» ይላሉ። «ተራራችሁ» ማለታቸውን እኔ ሰማሁ፤ እሷ የሰማች አልመሰለኝም፤ ዳገቱን ይዛ ነበር።

በፍልሰታ ፍቺ ቤተ ክርስቲያኑ በቆራቢ ሞላ። ሽማግሌው ከባለቤታቸው ጋር መጥተው ነበር። ባለቤታቸው ቆረቡ። እሳቸው ዓምዱን ተደግፈው፣ አንገታቸውን ሰብረው ቀሩ። ሰው ቂም ይዞ እንደማይቆርብ ያውቃሉ፤ ማስመሰልም አልፈለጉም። ያን ቀን አዘንኩላቸው፤ ፈራሁም። ልባቸው በርዶ ቢሆን ይቆርቡ ነበር ብዬ አሰብኩ። ቤቴ ገብቼ እናቴ ለፍቺው ስትደውልልኝ «ምነው ድምፅሽ?» አለችኝ። «ደክሞኝ ነው» አልኳት። እንዴት አድርጌ ባሌ ላለች እናት የአንድ ማሳ አፈር እዚህ ምን እንደያዘ አስረዳለሁ?

ሽማግሌዎቹ የቀጠሩት ቀን ደረሰ። ነሐሴ ሃያ ነበር፤ ረቡዕ። ያው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ቦረቦሩ አልጠፋም፤ ግን ጥልቀቱ አሁን እስከ ጉልበት ብቻ ነው። በካብ የተያዙ ደረጃዎች አሉት፤ በደረጃዎቹ ላይ ጥቁር አፈር ተኝቷል፤ ዳርና ዳሩን የሣር ግንጣይ ተክለንበታል። የቀበሌው ሰው ወደ ቦረቦሩ ወረደ፤ በጫማው ረገጥ ረገጥ አደረገና ተመለሰ። ማኅበርተኞቹ በአንድ በኩል ቆመዋል። ሴትዮዋ ሻርፗን ጠምጥማ፣ እጆቿን ከውስጥ ደብቃ ነበር፤ ስለቆሳሰሉ መሆኑን አውቃለሁ።

ዱዓውም ጸሎቱም ተደረገ። ቄሱ ወደ ሽማግሌው ዞሩ።

«አንተ የእግዜር ሰው ነህ። የጠየቅኸው አንድ ነገር ነበር። በእመቤታችን ፊት ሆነህ እውነቱን ተናገር፤ አፈርህ ተመልሷል?»

ሽማግሌው ከደረጃው አፈር ዘገኑ፤ በጣታቸው አሹት፤ አሸተቱት። ከዚያ ቀና ብለው ወደ አርዲቦ ተመለከቱ። ውሃው ጠርቶ ነበር።

«አልተመለሰም።»

የጎልማሳው ትንፋሽ እስከኔ ተሰማ።

«አልተመለሰም፤» አሉ ደግመው። «ዋሽቼ ምን ላደርግ? እኩሌታው ሐይቅ ገብቷል። ማሽላዬም የለም። ለመስከረም ሽንብራ ብዘራ ይደርስ እንደሆነ እንጃ።»

የቀበሌው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ሽማግሌ ካልፈታው፣ ደንቡ ግልጽ ነው። ማኅበሩ ተራራውን...»

«ቆይ!» አሉ ሽማግሌው። «ማነው ይሂዱ ያለ?»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ አባባ? ካልቻሉ ይልቀቁ ብለዋል።»

«ካልቻሉ ነው ያልኩት። ችለዋል እኮ! አልጨረሱም እንጂ። ሥራ ጀምሮ ሳይጨርስ የሚሄድ ማነው? ይሄን እኔ በዚህ ዕድሜዬ ልሸከም ነው? ሲጨርሱ ይሂዱ።»

ሼሁ በጢማቸው ውስጥ ፈገግ አሉ። «ታዲያ መቼ ያልቃል?»

«እኔ ምን አውቄ? ሐይቁን ጠይቁት። ክረምት በመጣ ቁጥር ከላይ አፈር ይወርዳል፤ ከታች ደለል ይተኛል። ሜዳው ላይ የተኛውን በየዓመቱ ያወጡልኛል። እኔም ቦዮቻቸውን አያለሁ፤ አፍ የሚባል ነገር እንዳላይ ብቻ!»

ቄሱ ለቀበሌው ሰው «ሰማህ? ተፈትቷል» አሉት። እሱም ወደ ሽማግሌው አየና ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ሽማግሌዎቹ መረቁ፤ እኛም «አሜን» አልን። በልቤ እመቤቴን አመሰገንኩ። እንዲህ ያለ ፍርድ ከማን አፍ እንደሚወጣ ሰው አስቀድሞ አያውቅም።

ሰው መበተን ሲጀምር ሴትዮዋ ወደ ሽማግሌው ተጠጋች።

«አባባ፣ እንግዲያው ነገ ከየት ጋ እንጀምር?»

«ነገ?» ተቆጡ። «ነገ ማርያም ናት! በማርያም ዕለት መሬቴን ማንም አይነካም።»

«ከነገ ወዲያስ?»

«ከነገ ወዲያ ጁምዓችሁ አይደለም እንዴ? ስገዱ። ቅዳሜና እሑድ ሰንበት ነው።»

ጎልማሳው ከኋላ «በዚህ አያያዝማ ይሄ አፈር መቼም አያልቅ!» አለ።

«ያልቃል ያለህ ማነው?» አሉ ሽማግሌው ዞር ሳይሉ። ከዚያ ለሷ፣ በበትራቸው የቦረቦሩን ግርጌ እያሳዩ፣ «ሰኞ። በጠዋት። ከዚያች ጥግ፣ ልጄ።»

«እሺ አባባ፤ ሰኞ፤» አለች። ሻርፗን ወደ አፏ አስጠግታ ወደ ተራራው ዞረች።